ወደ ኋላ የተነዳው መኪና

ሀሌሉያ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቤታችን የመጣችው እሑድ ጠዋት ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ አስገባለሁ። ሀሌሉያ የባለ ሱቁ የጋሽ በለጠ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ፊልም ተምራ ወደ ጭሮ የተመለሰች ሰሞን የሰፈራችን ሰው ካሜራዋን ለማየት ሲል ብቻ ሱቃቸው እየሄደ ስኳር ይገዛ ነበር።

እናቴ ኩብራ ድንች እየላጠች ነበር። "ተቀመጪ" አለቻት። ሀሌሉያ አልተቀመጠችም።

"እትዬ ኩብራ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ አልነካውም። ስሪው ያለኝ እሱ ነው። የጫት ሾፌሮቹ እንዲያዩት ነው የፈለገው።"

"ራሱ ለምን አልመጣም?"

"አፈረ።"

"የት ነው የምታነሱት?"

"እዚያው።"

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስንት ሰዓት ይፈጃል ፊልሙ?"

"ሰዓት አይሞላም። ስድስት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሰባት።"

"ስድስት ደቂቃ" አለች እናቴ። "እኔ ዐሥር ዓመት አልበቃኝም።"

ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ከወሬያቸው ሁሉ ልቤ የያዘው ፊልም የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ማሰሪያዬን ትቼ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

"ልጁን ማን ይሆናል?" አለች እናቴ።

"ሴት ልጅ አደርገዋለሁ። እንደዚያ ይሻላል ብዬ ነው። ከትምህርት ቤት አንዷን እመርጣለሁ።"

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። "የሰው ልጅ አትውሰጂ" አለች። "ሳፊያን ውሰጃት።"

"እትዬ ኩብራ! እንዴት አድርጌ..."

"እሷ ከሆነች ሁላችሁም ትጠነቀቃላችሁ።"

እኔ የተመረጥኩት ቆንጆ ስለሆንኩ መስሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ። ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ በሙሉ ፊልም ልሠራ መሆኔን ሰምቷል። ዛሬ ድሬዳዋ ተቀምጬ የሰው ፊልም እየቆረጥኩ የምቀጥል ኤዲተር ነኝ። ብዙ ንግግር በእጄ አልፏል። የእናቴን "ሁላችሁም ትጠነቀቃላችሁ" ያለችውን ግን እስካሁን አስበዋለሁ።

"እሱ" ያሉት አጎቴ አብዱልቃዲር መሆኑን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። አብዱልቃዲር ከሂርና ድንችና ሽንኩርት ወደ ጭሮ ገበያ የሚያመላልስ አሮጌ አይሱዙ ነበረው። አነዳዱን ያላየ አያምንም። አህያ ይቀድመው ነበር። የጫት መኪኖች ጥሩንባቸውን እያስጮኹ ሲያልፉት "ሬሳ ጭነሃል እንዴ?" ብለው ይሰድቡታል፤ እሱ እጁን ያነሳላቸዋል። እኔ ጓደኞቼ ፊት አጎቴ መሆኑን እደብቅ ነበር። በየኢዱ ግን አዲስ ጫማ ያመጣልኛል። ሲሰጠኝ ፊቴን አያይም፤ እግሬን ነው የሚያየው። ልኬን የሚያይ መስሎኝ ነበር። የእናቴ ወንድም እንዳልሆነ፣ ዘመዳችንም እንዳልሆነ የሰማሁት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ነው።

ቀረጻው የተጀመረው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሂርና በሚወስደው አቅጣጫ፣ አዲሱ አስፋልት ሲሠራ በተተወ አሮጌ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። መኪና አይሄድበትም። አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ሣር በቅሎበታል፣ ፍየሎች ይተኙበታል። ልብስ ሰፊው አባቴ ኢርሻድ ሥራውን ዘግቶ ይዞኝ ሄደ። ሀሌሉያ አንድ የብስክሌት ቸርኬና ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ሰጠችኝ።

"ቸርኬውን ትነጂያለሽ። እዚህ ጋ ይወድቃል። ቁጭ ብለሽ ታነሺዋለሽ። ወደ እኔ እንዳታዪ።"

ነዳሁ፣ ወደቀ፣ አነሳሁ። "እንደገና" አለች። ነዳሁ፣ ወደቀ፣ አነሳሁ። አንዴ ከሩቅ አነሳችኝ፤ አንዴ መሬት ላይ ተኝታ እግሬን ብቻ፤ አንዴ እጄን ብቻ፤ አንዴ ቸርኬውን ብቻ። ፀሐይ አናቴ ላይ ወጣች።

"መቼ ነው የምናገረው?" አልኳት።

"አትናገሪም።"

"ምንም?"

"ሰው ካወራ ተመልካቹ ጆሮውን ሰጥቶ ዓይኑን ያሳርፋል። እኔ ዓይኑን ነው የምፈልገው።"

"ታዲያ ታሪኩ ምንድን ነው?"

"ልጅት ቸርኬ ትነዳለች። ይወድቅባታል። ታነሳዋለች።"

"በቃ?"

ሀሌሉያ አጠገቤ ቁጭ አለች። "አንቺ የምታውቂው ይህን ብቻ ነው፣ ሳፊዬ። ሌላውን አዳራሽ የተቀመጡት ያውቁታል። አንቺ የማታውቂውን እነሱ ሲያውቁ፣ ያኔ ነው ወንበራቸውን ጨምድደው የሚይዙት።"

ምንም አልገባኝም። አኩርፌ ወደ ቤት ገባሁ። ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሁለት ፊልም ቸርኬ ማንሳት ሆኖ ቀረ።

በሁለተኛው ቀን የአጎቴ ተራ ነበር። ከላይ ተነስቶ ጠመዝማዛውን በፍጥነት እንዲዞር ነው የተፈለገው። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ፍየሎቹም ተባረዋል። እኔና አባቴ መንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠናል። አጎቴ መጣ፤ ዝግ ብሎ።

"ጋሽ አብዱልቃዲር፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ!" አለች ሀሌሉያ።

ሁለተኛ መጣ፤ ይባስ ዘገየ። በሦስተኛው ጊዜ ጠመዝማዛው ላይ ሳይደርስ ቆመ። በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ከጎማው ኋላ ጎንበስ አለና አስመለሰው።

እኔ ሳቅኩ። "ሾፌር ሆኖ መኪና ያዞረዋል?" አልኩ። አባቴ ተነስቶ ውኃ ይዞለት ወረደ።

እኔ ከመወለዴ በፊት የሞተ ሑዘይፋ የሚባል ወንድም እንደነበረኝ አውቅ ነበር። በምን እንደሞተ ጠይቄ አላውቅም፤ ትንንሽ ልጆች በኩፍኝ ይሞታሉ፣ እንደዚያ ነበር የማስበው። አባቴ ከዓመታት በኋላ እውነቱን ሲነግረኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። ሑዘይፋ በስድስት ዓመቱ፣ ያ አሮጌ ጠመዝማዛ ገና ዋና መንገድ ሳለ፣ ቸርኬውን ተከትሎ አስፋልት ገባ። ጫት ጭኖ የሚበርረው ሾፌር አብዱልቃዲር ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ ዕርቅ ወረደ፤ አብዱልቃዲርም ጫት መጫን ትቶ በየኢዱ ደጃችን መምጣት ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት የመጣው አዲስ የተወለድኩትን እኔን ሊያይ ነበር።

ያን ቀን ካቡ ላይ ሆኜ ግን ያየሁት መንዳት ያቃተው ሾፌር ነው። ፊልሙ የተበላሸ መሰለኝ። ሀሌሉያ ካሜራዋን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች።

"ሞተሩን ያጥፉት፣ ጋሽ አብዱልቃዲር። አይነዱም። ዝም ብለው ይቀመጡ።"

የቆመው መኪና ውስጥ ገብታ እግሩን በካሜራ አነሳች፤ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ። ማርሹን የያዘውን እጁን አነሳች። የኋላ ማያው ስፖኪዮ ውስጥ የሚታየውን አንድ ዓይኑን አነሳች፤ መስታወቱ ሥር የተንጠለጠለውን መቁጠሪያም። "መኪናው መንቀጥቀጥ አለበት" ስትል አባቴ ወደ መኪናው ተጠጋ። ትከሻውን አይሱዙው ላይ አስደግፎ መነቅነቅ ጀመረ። መቁጠሪያው ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። በጣም የሚያስቅ ጨዋታ መሰለኝ፤ እኔም ሄጄ በትንሽ ትከሻዬ አገዝኩት። ቀና ብዬ ሳየው የአባቴ ፊት ርሷል። ፀሐዩ እንደዚያ ላብ የሚያስወጣ አልነበረም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ ሁሉም ቤታችን ተሰበሰቡ። እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ፤ እኔም መስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ።

"አይቆምም!" ይላል አጎቴ። "አልቆመማ! ለምን እዋሻለሁ?"

"ካልቆመ ሰዎቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ" ትላለች ሀሌሉያ። "የጨፈነ ሰው ምንም ይዞ አይወጣም። ከቆመ ግን ሊደርስ የነበረውን እያንዳንዱ በገዛ ራሱ ልጅ ያስበዋል።"

"ሾፌሮቹ ይቀጡበት። እኔም ልቀጣበት።"

በመጨረሻ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

"ይቁም።"

"ኩብራ..." አለ አባቴ።

"ይቁም አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞ ልየው።" ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ "ግን ወደ ልጄ አይነዳም። አንድ እርምጃም ቢሆን። እንዴት እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሀሌሉያ።"

አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። የአጎቴ መኪና ፍሬኑ ተበላሽቷል። ለዚያ ነው ቀስ ብሎ የሚነዳው፣ ለዚያም ነው የሚጣሉት! አጎቴ ሲወጣ ጠብቄ እጁን ያዝኩት።

"አጎቴ፣ ፍሬንህን አሠራው" አልኩት።

ቆመ። ቁልቁል አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየው። "አሠራዋለሁ፣ ኢንተላ ቲያ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "እሺ። አሠራዋለሁ።" መኪናው ውስጥ ገብቶ ጀምበር ጠልቃ መግሪብ አዛን እስኪል ድረስ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። ፍሬኑን እየመረመረ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናቴም መጣች። ከሰው ተለይታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ካቡ ጫፍ ላይ ቆመች። መኪናው ጠመዝማዛው ላይ ቆሟል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ገብቷል። ሀሌሉያ እጄን ይዛ ወሰደችኝና ከመኪናው ፊት፣ አንድ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ቦታ ላይ ቁጭ አደረገችኝ። ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። የሞተሩ ሙቀት ማጅራቴ ላይ ይነፍሳል። ቸርኬው እጄ ላይ ነው።

"ሳፊያ፣ እንደ ድንጋይ። ዓይንሽን እንዳታርገበግቢ።" ከዚያ ጮክ ብላ፣ "ጋሽ አብዱልቃዲር፣ እንደ ተነጋገርነው! ወደ ኋላ!"

ድንጋዩ ተነሳ። ሞተሩ ጮኸ። ከጀርባዬ ያ ሙቀት በአንዴ ጠፋ። ጎማው አስፋልቱን ሲፍቀው ሰማሁ። አጎቴ እንደዚያ ሲነዳ ሰምቼ አላውቅም። ከእኔ ሲሸሽ በረረ! ጠመዝማዛውን ዞሮ ድምፁ እስኪጠፋ ወደ ኋላ ሄደ።

"ጨርሰናል" አለች ሀሌሉያ።

"ተሳስቷል!" አልኳት። "መምጣት ነበረበት እኮ፤ እሱ ሄደ!"

እናቴ ከካቡ ወርዳ አቀፈችኝ። አስፋልት ላይ በመቀመጤ ልብሴን ታራግፍልኝ መስሎኝ ነበር፤ እጇ ግን ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጉልበቴን እየዞረ ይዳብስ ነበር።

ፊልሙ የታየው ከሁለት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ነው። መስኮቶቹ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል። አጎቴ ከሂርና፣ ከቦኬ፣ ከአሰቦት መንገድ ሳይቀር ሾፌሮችን ለምኖ አምጥቷል። ጉንጫቸው ጫት እንደያዘ የኋላውን ወንበር ሞልተው እየተቀላለዱ ነበር። መንገድ ላይ የሚሰድቡት እነሱ ናቸው፤ "ኤሊው ፊልም ሠራ" እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ከፊት፣ በአባቴና በእናቴ መካከል ተቀምጬ በኃፍረት አንገቴን ደፍቻለሁ። ቸርኬ ሳነሳ ሊያዩኝ ነው።

ብርሃኑ ጠፋ።

መጀመሪያ ቸርኬው ብቻ ታየ፤ ይሽከረከራል። ሰማዩ በሽቦዎቹ መካከል ይቆራረጣል። ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ ትር ትር ትር። ከዚያ እግሬ። ከዚያ እኔ፣ ከሩቅ፣ በዚያ ሰፊ ኮረብታ ሥር እንደ ጉንዳን። ከዚያ የቸርኬው ድምፅ ተቋርጦ ሞተር ጮኸና ነዳጅ መስጫውን የሚረግጥ እግር መጣ።

መቀለዱ ቆመ።

ቸርኬው። መቁጠሪያው ወዲያ ወዲህ ሲላጋ። እኔ ፈገግ ስል። የስፖኪዮው ዓይን ሰዓቱን ሲያይ። ማርሹ። እግሬ። ጠመዝማዛው ባዶውን። የቸርኬው ድምፅና የሞተሩ ድምፅ እየተፈራረቁ ቁራጮቹ አጠሩ፤ እያጠሩ፣ እየተጠጋጉ፣ ትንፋሽ እያሳጡ ሄዱ። ያ መኪና ቆሞ ነበር! አባቴ ትከሻውን ሰጥቶ እየነቀነቀው፣ እኔ እያገዝኩት፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ግን እንደ ጎርፍ እየመጣ ነው። ልጅቷ ደግሞ አታውቅም። ቸርኬው ወደቀ። መሀል አስፋልት ላይ ቁጭ አለች።

"ውጪ!" አለ ከኋላ አንድ ሾፌር። "ልጅት፣ ውጪ ከዚያ!" ሌላው በኦሮምኛ ጮኸ፤ ሦስተኛው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። እኔም ተነስቻለሁ። ልጅቷ እኔ መሆኔን ረስቼዋለሁ። "ተነሺ!" ብዬ ጮህኩባት። "ተነሺ! ተነሺ!"

መኪናው ከጠመዝማዛው ወጣ። አንድ ጊዜም ሳይቆረጥ፣ ከጀርባዋ፣ እያደገ፣ እያደገ፣ አዳራሹን እያከለ መጣ፤ ማጅራቷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ልጅቷ ቸርኬዋን ይዛ ተነሳች፣ ወደ ኋላዋ እንኳ ሳታይ እየነዳች ሄደች። ምንም አላወቀችም። ሾፌሩ ባዶውን አስፋልት እያየ፣ መሪውን እንደ ጨበጠ ቀረ። ፊልሙ አለቀ።

ዛሬ ቁራጮቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ስልሳ አራት ናቸው። መኪናውና እኔ አንድ ላይ የምንታይበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ኋላ የተነዳውን ሀሌሉያ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጣ ያስኬደችው ነው። እንዴት እንደተሠራ አውቀዋለሁ፣ ራሴም ለሌሎች አስተምረዋለሁ። ሳየው ግን አሁንም እቆማለሁ።

ብርሃኑ ሲበራ አጎቴ ቆቡን በእጁ ይዞ ወደ ፊት ወጣ። ሾፌሮቹን አያቸው።

"ይህ ፊልም ነው" አለ። "የእኔ አልቆመም።"

የተምታታበት መሰለኝ። ሁላችንም አይተን የለ! ወንበሬ ላይ ወጣሁ። "ቆሟል!" ብዬ ጮህኩ። "ቆሟል እኮ፣ አጎቴ! እኔ ነበርኩ!"

አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ የነበረ አንድ ትልቅ ሰው ጫቱን ከጉንጩ አውጥቶ በእጁ ያዘ፤ አንገቱን ደፋ። እናቴ ተነሳች። ትቆጣኛለች ብዬ ከወንበሩ ወረድኩ፤ እሷ ግን አልፋኝ ወደ ፊት ሄደችና ከአብዱልቃዲር ጎን ቆመች።

"ሑዘይፋ ይባላል" አለች ለሾፌሮቹ። "ስድስት ዓመቱ ነበር። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋ ነበር።"

በሰው ፊት ስሙን ስትጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አባቴ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከተቀበረበት ቀን ወዲህ እሱም አልሰማም ነበር።

ፊልሙ ከዚያ በኋላ በሂርናም በቦኬም ታየ፤ ሀሌሉያም ሌሎች ብዙ ሠራች። ያን ቀን ግን ከአዳራሹ ስንወጣ ሾፌሮቹ ለእናቴ መንገድ ለቀው ግራና ቀኝ ቆሙ። አንዳንዶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። እኔ የፊልሙን ተዋናይት የሚያከብሩ መስሎኝ እጄን እያውለበለብኩላቸው አለፍኩ።

አይሱዙው ከውጭ ቆሟል። እናቴ ያን መኪና በሩን ነክታው አታውቅም፤ ገበያ ስንሄድ ሁሌም በእግራችን ወይም በባጃጅ ነበር። አባቴ ባጃጅ ሊጠራ እጁን አነሳ።

"ተወው" አለችው። ወደ መኪናው ሄዳ በሩን ከፈተች። እኔን አንስታ መሀል አስቀመጠችኝ፤ ራሷም ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አባቴ ከኋላ መጫኛው ላይ ወጣ።

አብዱልቃዲር መሪው ላይ ሆኖ ቁልፉን ይዞ ቀረ። እኔ ስለ ፊልሙ ብዙ የምጠይቀው ነበረኝ፤ እናቴ ግን ጉልበቴን ያዝ አደረገችና ዝም አልኩ። ፊት ለፊት መንገዱን እያየች በገዛ ቋንቋው፣ በኦሮምኛ፣ ተናገረችው።

"ሃ ዴምኑ፣ አብዱልቃዲር።" እንሂድ።

ሞተሩ ተነሳ። እናቴ በሩን ራሷ ስባ ዘጋችው።